ግራመሩን አውቀዋለሁ፤ ዜናው ግን አይገባኝም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደሴ የምማር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ገጠር ናቸው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን፣ ከቤት ስንቅ እየመጣልን ነው የምንማረው። ኪራዩንም ሌላውንም የምትከፍልልኝ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስምንተኛ ክፍል ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። አሥራ ሁለቱን ቴንሶች ከነፎርሙላቸው በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ባዶ ቦታ ሙላ ከተባልኩ አልስትም። ዘንድሮ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን ዓርብ ዓርብ አጭር ዜና በወረቀት ይዞ ይመጣል። አንብቡ፣ ግሶቹን አውጡ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ አስረዱ ይለናል። አንድ ቀን ርዕሱ «ታምራት ቶላ ዊንስ ኦሊምፒክ ማራቶን» የሚል ነበር። «ዊንስ ለምን ሆነ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። «ሲምፕል ፕረዘንት ስለሆነ፣ ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ሁልጊዜ» ሆኗል። ሦስት ዓርብ ከክፍል ቀርቻለሁ።

ጓደኞቼ ዜና ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፣ ማትሪክ ላይ የሚመጣው ምርጫ ነው ይላሉ። ፒያሳ አካባቢ ግራመር የሚያስጠና ቱቶሪያል አለ፤ እንመዝገብ ብለውኛል። እህቴ ለጫማና ለልብስ ብላ የላከችው ብር እጄ ላይ አለ። በደወለች ቁጥር «እንግሊዝኛህ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «አሪፍ ነው» እላታለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ብሩን ለቱቶሪያል ላውለው? ወይስ የመምህሩን ዜና ልቀጥል? ለእህቴስ ምን ልበላት?

«ሁልጊዜ» ነኝ፣ ከደሴ

* * *

ልጄ፣ በዚያ ስም አልጠራህም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት ለብዙ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ያቺን ዓርብ ከሰሌዳው በኩል ቆሜ ነው የማያት።

መልስህ ትክክል ነበር አልልህም። ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ደብተርህ ላይ ያስጻፍንህ እኛ ነን። ሲምፕል ፕረዘንት፣ ለልማድና ለማይለወጥ እውነት። ምሳሌ፣ ጸሐይ በምሥራቅ ትወጣለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቴንስ አለፍን። ያው ቴንስ የጋዜጣ ርዕስ ላይ ሌላ ሥራ እንዳለው ማንም አልነገረህም። አንተ የተሰጠህን ሕግ አምነህ ተጠቀምክበት። የተሳቀውም ባመንክበት ነገር ነው። በጣም ያማል፤ አውቃለሁ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የግራመር ፈተና ላይ ከሃያ ሃያ ታመጣ ነበር። «ሲንስ» ሲመጣ ግሱ ምን እንደሚሆን ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሳት ትነግርሃለች። አንድ ቀን እናቷ ታመው ከትምህርት ቤት ቀረች። በማግስቱ የፈቃድ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፋ ሰጠችኝ። «ማይ ማዘር ኢዝ ሲክ ሲንስ መንደይ» ይላል። ከሳምንት በፊት ፈተና ላይ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ለማለት ትንሽ የቀረው ጥያቄ ነበር፤ «ሃዝ ቢን» ብላ በትክክል መልሳዋለች። ወረቀቷን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሕጉን ታውቀዋለች። የራሷን ነገር መናገር ስትፈልግ ግን ሕጉ አብሯት አልመጣም። ሁልጊዜ የሚያገኛት ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነበረ። ሰው በባዶ ቦታ አያወራም።

አንተም ያለኸው እዚያ ይመስለኛል። እስቲ ራስህን ጠይቅ። የፊዚክስ መምህርህ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ምን ያህሉ ይገባሃል? የባዮሎጂ መጽሐፍህን አንድ ገጽ ሳታቋርጥ ታነባለህ? መልስህ «አይ» ከሆነ አትደንግጥ። የቸገረህ ተጨማሪ ሕግ አይደለም። ያሉህን ሕጎች ሥራ ላይ ሆነው ማየት ነው። መምህርህ ዓርብ ዓርብ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ለዚህ ነው። እኔም ሳስተምር ብዙ ዘግይቼ ነው ወደ አጭር ዜና የመጣሁት። ዜና አጭር ነው፣ እውነት ነው፣ ማን ምን እንዳደረገ ይናገራል። የእንግሊዝኛ ግሶች ደግሞ ማን ምን መቼ እንዳደረገ በሚነገርበት ቦታ ላይ ነው በደንብ የሚታዩት።

ና፣ ያቺኑ ዜና አብረን እንያት። የመምህርህ ወረቀት የለኝም። ነገሩን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን። ባጭሩ እኔ እንዲህ ጻፍኩት።

«ታምራት ቶላ ሃዝ ወን ዘ ሜንስ ማራቶን አት ዘ ፓሪስ ኦሊምፒክስ። ዘ ኢትዮጵያን ረነር ፊኒሽድ ኢን ቱ አወርስ፣ ሲክስ ሚኒትስ ኤንድ ትዌንቲ ሲክስ ሰከንድስ። ሂ ወዝ ኮልድ ኢንቱ ዘ ቲም አፍተር ሲሳይ ለማ ሃድ ፑልድ አውት።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ከርዕሷ ጋር አራት ዓይነት ቴንስ አለባት። በደብተርህ ላይ አራቱም በተለያየ ምዕራፍ፣ ምናልባትም በተለያየ ዓመት ነው የተማርካቸው። እዚህ ግን አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

ርዕሱ «ዊንስ» ይላል። ታምራት ሮጦ ጨርሷል፤ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ግን ርዕስ ላይ ያለፈውን ነገር አሁን ዓይናችን ሥር እንደሚሆን አድርጎ ነው የሚጽፈው። ልማዱ ነው። እኛ «አሸነፈ» ብለን የምንጽፈውን እነሱ «ዊንስ» ይላሉ። በዚያ ላይ ርዕስ ቦታ ስለሌለው ቃል ይቆጥባል። «ዘ» እና «ኤ» ይወድቃሉ። «ኢዝ»፣ «ወር» የመሳሰሉትም ይወድቃሉ። «ስሪ ሜን አሬስትድ» የሚል ርዕስ ብታይ ሦስቱ ሰዎች ያዙ ማለት አይደለም፤ ተያዙ ማለት ነው። «ወር» ተቆርጦ ነው። «ሚኒስተር ቱ ቪዚት ጂማ» ካለ ደግሞ ሊጎበኙ ነው ማለት ነው፤ ወደፊት ነው። ርዕስ የራሱ ሰዋስው አለው። መምህርህ ሊያሳይህ የፈለገው ይህን ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከርዕስ መጀመሩ ግን ለጀማሪ ከባዱን አስቀድሞ መስጠት ነው። እኔ ብሆን ርዕሱን ሸፍኜ አስነብባችሁ፣ መጨረሻ ላይ እገልጠው ነበር።

አሁን ወደ ውስጥ ግባ። «ሃዝ ወን»። የሰማኸውን የአማርኛ ዜና አስታውስ። አንባቢዋ «አትሌት ታምራት ቶላ አሸንፏል» ትላለች። ቀጥላ «ርቀቱን በዚህን ያህል ሰዓት ጨረሰ» ልትል ትችላለች። «አሸንፏል» እና «ጨረሰ» ለጆሮህ አንድ ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው ወሬውን ያበስርሃል፤ ውጤቱ አሁን እጃችን ላይ አለ። ሁለተኛው ነገሩ የሆነበት ቦታ ወስዶ ይተርክልሃል። «ሃዝ ወን» እና «ፊኒሽድ»ም እንደዚያው ናቸው። «ሃድ ፑልድ አውት» ደግሞ «ወጥቶ ነበር» ነው፤ ካለፈው በፊት ያለፈ። ሲሳይ በጉዳት ወጣ፣ ከዚያ ታምራት ተጠራ፣ ከዚያ ሮጠ። ዜናው የተጻፈው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። የትኛው እንደቀደመ የሚነግርህ ያ «ሃድ» ነው። ፎርሙላውን ሸምድደኸው ነበር። ለምን እንደተፈጠረ ግን አሁን ሳታየው አልቀረህም።

እዚህ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ብዙ ተማሪዬ ወድቆበታል። በአማርኛ «ሚኒስትሩ ትናንት ተናግረዋል» ብንል ማንም አይገርመውም። እንግሊዝኛ ግን «ትናንት» ካልክ በኋላ «ሃዝ ሰይድ» አይቀበልህም። ጊዜው ከተጠራ ወሬው ወደ ተራ ያለፈ ጊዜ ይገባል፤ «ሰይድ የስተርደይ» ይሆናል። ዜና ስታነብ ይህን ብቻ ፈልግ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ሃዝ» ካየህ በዚያው ዓረፍተ ነገር ቀን ተጠርቷል ወይ? በል። አሥር ዜና ላይ ይህን አንድ ነገር ከፈለግክ በወርክሺት ከሠራኸው መቶ ጥያቄ ይልቅ ውስጥህ ይቀራል።

ሌላው ጉድጓድ የሰው ንግግር ነው። ዜና ያለ «አለ» አይጻፍም። እኛ አማርኛ ላይ ሰውየው የተናገረውን እንደወረደ እናስቀምጠዋለን። «እመጣለሁ አለ» እንላለን። የሚመጣው እኔ ነኝ ወይስ እሱ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስትወስደው «ሂ ሰይድ አይ ዊል ከም» ይሆናል። እንግሊዛዊው ሲሰማው የሚመጣው ተናጋሪው ራሱ፣ ማለትም አንተ ይመስለዋል። እነሱ «ሂ ሰይድ ሂ ውድ ከም» ነው የሚሉት። «እኔ» ወደ «እሱ» ይዞራል፤ «ዊል» ወደ «ውድ» ይወርዳል። ሪፖርትድ ስፒች በሚል ምዕራፍ ሰንጠረዡን ሸምድደኸዋል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዜና ላይ «ሰይድ» ባየህ ቁጥር ቆም በልና ሰውየው በአፉ ምን ብሎ ነበር? ብለህ ጠይቅ። ወደ ሰውየው አፍ መልሰው። ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚጥም ልምምድ ነው። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሚኒስትር፣ ከንቲባ፣ አሰልጣኝ እየሆኑ የተናገሩትን መልሰው እንዲናገሩ አድርጌ ነበር። ጸጥ የሚሉት ልጆች ሁሉ ያን ቀን ተናገሩ።

ፓሲቭ ቮይስም እዚያው አለ። «ወዝ ኮልድ» ማለት «ተጠራ» ነው። እኛ «ተ» ጨምረን የምንገላገለውን እነሱ በሁለት ቃል ይሉታል። ማን ጠራው? ዜናው አልነገረንም፤ ማወቅ አላስፈለገንም። «ኤ» እና «ዘ» ደግሞ «አንድ አውቶቡስ ተገለበጠ፤ አውቶቡሱ…» እንደምንለው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ «ኤ»፣ ከተዋወቅነው በኋላ «ዘ»። እነዚህን ራስህ ታገኛቸዋለህ።

አሁን እንዴት ትለማመድ? ብዙ አትጀምር። በሳምንት ሁለት ዜና ይበቃሃል። እያንዳንዱ ከመቶ ቃል ብዙ ባይበልጥ ይሻላል። መጀመሪያ ያለ ዲክሽነሪ እስከ መጨረሻው አንብበው። ከዚያ ለጓደኛህ በአማርኛ ንገረው። ማን፣ የት፣ ምን ሆነ። ይህን ካልቻልክ ዜናው ከብዶሃል ማለት ነው፤ ጣለውና ቀላል ፈልግ። ይህ ሽንፈት አይደለም። ከቻልክ ተመለስና ግሶቹን ብቻ በእርሳስ አስምር። ሁሉንም አትተንትን። ለዚያ ቀን አንዱን ምረጥ። ዛሬ «ሃዝ» ብቻ፣ ሐሙስ «ሰይድ» ብቻ።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም ይበልጣል። ዜናውን ገልብጠህ አስቀምጥና ያስታወስከውን በእንግሊዝኛ ጻፍ። ቃል በቃል አይደለም፤ በራስህ። ስትጨርስ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። እሱ «ዘ» ያለበት አንተ ምንም ካላልክ፣ እሱ «ወዝ» ያለበት አንተ «ኢዝ» ካልክ፣ ያ ልዩነት የራስህ ወርክሺት ነው። ማንም አስተማሪ እንደዚያ በልክህ የተሰፋ ወርክሺት ሊያዘጋጅልህ አይችልም። በደብተርህ ጀርባ ቀኑን ጽፈህ መዝግበው። ከወር በኋላ ተመልሰህ ስታየው የትኛው ስህተት እንደተወህ፣ የትኛው እንደሙጫ እንደያዘህ ታያለህ።

ሦስት አራት ሳምንት ከሄድክ በኋላ ደግሞ የራስህን ዜና ጻፍ። ጠዋት ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት ነበር? ዜና ነው። የአከራይህ ላም ወለደች? ዜና ነው። ጓደኛህ ስንቁን ረስቶ መጣ? ይሄማ ትልቅ ዜና ነው። ርዕስ ስጠው። ርዕሱ ላይ ያቺን «ዊንስ» የመሰለች ግስ አስገባ። ያሳቀችብህን ቴንስ በራስህ እጅ ስትጽፋት የምታስፈራ ሆና አትቀርም።

ዜናውን ከየት አመጣለሁ ካልክ፣ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድን ለጊዜው አቆየው። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም የአገራችን ጋዜጣ ነው፤ እወደዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ረጅም፣ ቃሉም የቢሮ ነው። ከዓመት በኋላ ትደርስበታለህ። አሁን ለተማሪ ተብሎ የቀለለ ፈልግ። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 ስፔሻል ኢንግሊሽ ብሎ የጀመረው፣ በኋላ ለርኒንግ ኢንግሊሽ የተባለው ዝግጅት የተመሠረተው በ1500 ገደማ ቃላት ላይ ነበር፤ የቆዩ ጽሑፎቹን ፈልግ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሲነበብም በዝግታ ነው። ቢቢሲም ለርኒንግ ኢንግሊሽ የሚባል አለው። ብሬኪንግ ኒውስ ኢንግሊሽ የሚባለው ደግሞ አንዱን ዜና በተለያየ የክብደት ደረጃ ጽፎ ያቀርባል። ቀላሉን አንብበህ ወደ ከባዱ መውጣት ትችላለህ። ያው ወሬ ስለሆነ አትጠፋም። ቪዲዮውን ተወው፤ ጽሑፍ ብቻ ካወጣህ ዳታ ብዙም አይበላብህም። ዋይፋይ ያገኘህ ቀን አምስት ስድስቱን ስልክህ ላይ አስቀምጣቸው። ስልኩ ካስቸገረህ በእጅህ ገልብጥ። መገልበጥ በራሱ ትምህርት ነው።

ጓደኞችህ ማትሪክ ላይ የሚመጣው ምርጫ ነው ያሉት እውነት ነው። አልከራከራቸውም። ግን ምርጫውን የምታገኘው አንብበህ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ፓሴጅ አለ። ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ፊዚክሱም ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን ሦስት ጊዜ እያነበበ ሰዓት ያለቀበት ስንት ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ። ስለዚህ ወርክሺትህን አትጣል። በሳምንት አንድ ቀን እሱን ሥራ። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ዜና ላይ ያየኸውን «ሃድ» ወርክሺት ላይ ስታገኘው ዘመድህን እንዳገኘህ ነው የሚሆነው።

ቱቶሪያሉስ? ክፉ ነው አልልህም። አንዳንዱ በጣም ጥሩ ነው። ከመክፈልህ በፊት ግን አንድ ቀን ልቀመጥና ልየው ብለህ ጠይቃቸው። የሚሰጡትን ሃንድአውት ገልጠህ እይ። ፓሴጅ አብረው ያነባሉ? ስትጽፍ የሚያርምልህ ሰው አለ? ወይስ ጥያቄ ታድሎ መልሱ ይከበባል? ሁለተኛው ከሆነ አንተ እሱን አትፈልገውም። በዚያ በኩል ጎበዝ ነኝ ብለህ ነግረኸኛል፤ አምኜሃለሁ። የሚያርምልህ ሰው ካለ ግን ጓደኞችህ ተሳስተዋል አትበል፤ አስብበት። ብቻ በዚያ ብር አይሁን። ያ ብር የጫማ ብር ነው። ደሴ ብርዷን አውቀዋለሁ።

ስለ ሳቁ ደግሞ። ሦስት ዓርብ ቀርተሃል። አራተኛውን አትቅር። ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት መምህርህን ብቻውን አግኘው። ረጅም ንግግር አያስፈልግህም። «መምህር፣ ያን ቀን ሁልጊዜ የሚደረግ ያልኩት ደብተሬ ላይ እንደዚያ ስለሚል ነው። ርዕስ ላይ ሌላ ሕግ እንዳለ አሁን ገባኝ። ተስቆብኝ ስለነበር ቀረሁ» በለው። ይኸው ነው። ዘንድሮ የመጣ፣ ዜና አዘጋጅቶ በወረቀት የሚያመጣ መምህር ደክሞ ነው የሚያመጣው። ተማሪ መጥቶ እንዲህ ሲለው ምን እንደሚሰማው እኔ ልንገርህ፤ ያን ቀን ቤቱ እየዘፈነ ነው የሚገባው። ምናልባትም ተማሪው ፊት ራሱ ያስረዳልሃል። መምህርህ አልሰማህም እንበል። ያኔም ወረቀቱን ተቀበል፤ ቤትህ ወስደህ ሥራው። ወረቀቱ አይስቅብህም።

አብረውህ የሚኖሩት ሁለቱ ጓደኞችህስ? ከሳቁት መካከል ነበሩ? አልነገርከኝም። ከነበሩ ማታ እራት ላይ እንደተጎዳህ ንገራቸው። ልጆች ቅጽል ስም ሲያወጡ ሰውየው ሌሊት እንደማይተኛ አያስቡም። ከዚያ ዜናውን ሦስታችሁ አንብቡት። አንዱ እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ አንዱ በአማርኛ ይንገር፣ አንዱ ግሱን ይልቀም። ከተራ ጥናት ይልቅ ሳትሰለቹ ትቀጥላላችሁ። ቀለሜ ነው ከተባልክም ተባል።

አሁን ወደ እህትህ። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ አስቀመጥካት እንጂ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሷ መሰለችኝ። «አሪፍ ነው» ስትላት ምን ፈርተህ ነው? እንዳታዝን? ብሩን እንዳታቆም? ወይስ እሷ ያጣችውን ትምህርት አንተ እያባከንከው እንዳይመስላት? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ለራስህ መልስ። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ፣ አላባከንከውም። እያባከነ ያለ ልጅ ሌሊት ነቅቶ ደብዳቤ አይጽፍልኝም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እህትህ አረብኛ ትችላለች? ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች ከሆነ ትችላለች ብዬ እገምታለሁ። ማን አስተማራት? የአረብኛ ግራመር ደብተር የያዘች አይመስለኝም። እየሰማች፣ እየተሳሳተች፣ ምናልባትም እየተሳቀባት ነው የተማረችው። ጠይቃት እስቲ። የመጀመሪያ ወራቷን እንዴት እንዳለፈቻቸው፣ የተሳሳተችው ቃል ምን እንደነበር ንገሪኝ በላት። ስለ ቋንቋ ከቤተሰብህ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አንተ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትነግራት «አሪፍ ነው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

እውነቱን ስትነግራት ባዶ እጅህን አትሂድ። «ሕጉን አውቀው ነበር፤ ማንበብና መጻፍ ላይ ግን ደካማ ነኝ። አሁን በሳምንት ሁለት ዜና ጀምሬያለሁ። እሑድ እሑድ አንዷን በድምፅ እልክልሻለሁ» በላት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አንብብላት፣ ቀጥለህ በአማርኛ ንገራት። እሷ እንግሊዝኛውን ባትረዳም ድምፅህ በየሳምንቱ እየተፈታ ሲሄድ ትሰማዋለች። የምትሰማህ ሰው አለች ብለህ ስታነብ ደግሞ አንተም ተጠንቅቀህ ነው የምታነበው። ስለ ቱቶሪያሉም ከወደድከው እሷን አማክራት። ብሩ የእሷ ላብ ነው፤ ሐሳቧን ልትሰጥበት ይገባል።

የመጀመሪያዋን ዜና ጽፈህ ስትጨርስ ለእኔም ላክልኝ። ስለ ላሟ ቢሆን ደስ ይለኛል። አርሜ እመልስልሃለሁ። ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ ለእህትህ ደውል። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው። ሥራዋን የምትጨርስበትን ሰዓት አንተ ታውቀዋለህ።